ቀጭን ላፕቶፕ፣ ከፍተኛ ጉልበት፦ ፍጥነቱ ስንት ደቂቃ ይቆያል?

ባለፈው ሴሚስተር አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ወረቀት ይዞ ወደ ቢሯችን መጣ። ከአሜሪካ ለእረፍት የምትመጣ አክስቱ ላፕቶፕ ልታመጣለት ቃል ገብታለች፤ በወረቀቱ ላይም ዋጋቸው የተቀራረበ የሁለት ላፕቶፖች ዝርዝር ሰፍሯል። አንደኛው እንደ ደብተር የቀጠነ ሲሆን የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ ፍጥነት 5 ጊጋኸርዝ ነው ይላል። ሁለተኛው ወፈር፣ ከበድ ያለና 4.6 ጊጋኸርዝ ብቻ ያለው ነው። «ቀጭኑ አይሻልም?» ሲል ጠየቀን። ዕቃው አንድ ጊዜ ውቅያኖስ ከተሻገረ መመለስ የለምና ጥያቄው ተገቢ መልስ ያሻዋል።

ደብዳቤ ለሚጽፍ ወይም ድረ ገጽ ለሚያነብ ሰው ፕሮሰሰሩ ለቅጽበት ሠርቶ ወዲያው ያርፋል። የሶፍትዌር አዘጋጅ ሥራ ግን ከዚህ ይለያል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉትን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለውጥ፣ ማለትም ኮምፓይል ሲያደርግ፣ ሁሉም የፕሮሰሰሩ ኮሮች ለበርካታ ደቂቃዎች ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። ስለዚህ ለእርሱ ቁም ነገሩ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ፍጥነት ሳይሆን በአሥረኛው ደቂቃ ላይ የሚቀረው ፍጥነት ነው።

ይህን የሚወስነው ሙቀት ነው። አንድ ፕሮሰሰር የሚፈጀው ኃይል ከድግግሞሹና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። ድግግሞሹን ከፍ ለማድረግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቮልቴጁንም ከፍ ማድረግ ግድ ይላል። ድግግሞሹን በ20 በመቶ ስናሳድግ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ይጨምራል ብለን እንውሰድ፤ 1.2ን በ1.1 ካሬ ብናባዛ 1.45 እናገኛለን። እንግዲህ 20 በመቶ ፍጥነት ያተረፍነው 45 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ከፍለን ነው ማለት ነው። ይህ ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ለማውጣት የነበረውን ዕቅድ በ2004 እ.ኤ.አ. የሰረዘውም ከዚሁ ግድግዳ ጋር በተላተመበት ወቅት ነበር። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ፊታቸውን ኮር ወደ ማብዛት አዞሩ።

የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ታዲያ ሁለት ዓይነት የኃይል ልክ አላቸው። ለምሳሌ ኢንቴል በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኮር አይ7 1260ፒ መነሻ ኃይሉ 28 ዋት፣ ለአጭር ጊዜ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ኃይል ደግሞ 64 ዋት ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚደምቀው ጊጋኸርዝ የአጭሩ ጊዜ ቁጥር ነው። ሙቀቱ ሲከማች ማሽኑ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኛም በውጭ አገር ተማሪ ሳለን በዚሁ ቁጥር ተማርከን አንድ ቀጭን ላፕቶፕ ገዝተን ነበር። ረጅም ስሌት ስንሰጠው ጭናችንን እየለበለበ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ሲወርድ፣ ፊዚክስ ለሚያጠና ሰው ነገሩ ትንሽ የሚያሳፍር ሆኖ አግኝተነዋል።

ለዚህ ነገር ጥሩ ማስረጃ የሚሆን ንጽጽር አፕል በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ሳያስበው አቅርቦልናል። ማክቡክ ኤርና ባለ 13 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ አንድ ዓይነት ኤም 1 ፕሮሰሰር ይዘው በአንድ ጊዜ ወጡ፤ ዋናው ልዩነት ፕሮው ማራገቢያ ሲኖረው ኤሩ የሌለው መሆኑ ነው። በአጭር ሥራ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ሥራው ሲረዝም ግን ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ኤሩ እየቀዘፈ ይሄዳል፤ ፕሮው በነበረበት ይቀጥላል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ስስ ነው። በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ እዚህ ከ0.9 ብዙም አይበልጥም። ማራገቢያው በሰከንድ 3 ሊትር አየር ያሳልፋል፣ ፕሮሰሰሩም 45 ዋት ያመነጫል እንበል። አንድ ግራም አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 1 ጁል ገደማ ስለሚበቃ፣ የሚወጣው አየር በባሕር ዳርቻ ከተማ በ12 ዲግሪ፣ በአዲስ አበባ ግን በ16 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ማራገቢያው ይህን ለማካካስ በበለጠ ፍጥነት መዞር፣ ጩኸቱንም መጨመር አለበት፤ ካልቻለ ፕሮሰሰሩ ይዘገያል። ድሬዳዋ ላይ አየሩ ወፈር ቢልም አስቀድሞ የሞቀ ነው። አንዳንድ አምራቾች ዕቃቸው እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ መሞከሩን ይጽፋሉ፤ ይህ ግን ይሠራል ማለት እንጂ በሙሉ ፍጥነቱ ይሠራል ማለት አይደለም።

ላፕቶፕ ለመግዛት ያሰበ ተማሪ ማሽኑን ራሱ ቢፈትነው ይመረጣል። ባትሪውን ከቻርጀር ጋር አያይዞ የሊኑክስን ከርነል ደጋግሞ ኮምፓይል ያድርግ፤ የእያንዳንዱንም ዙር ጊዜ ይመዝግብ። የመጀመሪያው ዙርና የግማሽ ሰዓቱ ዙር ከተቀራረቡ ማቀዝቀዣው ሥራውን እየሠራ ነው። ቻርጀሩን ነቅሎ ቢደግመው ደግሞ መብራት በጠፋ ጊዜ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ስለ ሜሞሪም ቸል ማለት አይገባም። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ሜሞሪው ከቦርዱ ጋር ስለሚበየድ በኋላ መጨመር አይቻልም። ምናባዊ ማሽኖችን ጎን ለጎን ለሚያስነሳ ሰው 16 ጊጋባይት ቶሎ ይጠብበዋል፤ 32 ቢሆን እንመርጣለን። ባትሪን በተመለከተ፣ ያለ አየር መንገድ ፈቃድ በአውሮፕላን የሚገባው እስከ 100 ዋት ሰዓት በመሆኑ የትልልቆቹም ላፕቶፖች ባትሪ ከዚህ ብዙም አያልፍም።

ለተማሪው ወፍራሙን መከርነው። ማራገቢያዎቹ ሁለት ናቸው፣ ሜሞሪውም የሚቀየር ነው። አክስቱ ሻንጣዋ ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ሰምታ ቅር ብሏታል፤ ቻርጀሩ ብቻውን ግማሽ ኪሎ እንደሚመዝን ገና አልነገራትም።