የጅራታም ኮከብ አቧራ ለቀማ

በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከለሚ ወጣ ብሎ የጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ተወርዋሪ ኮከብ ማየቱ አይቀርም። ከሚያያቸው አንዳንዶቹ ሃሌ የተባለው ጅራታም ኮከብ አራግፏቸው የሄደ ብናኞች ናቸው። ችግሩ አየር ውስጥ ሲገቡ ነደው ማለቃቸው ነው። አቧራውን ለመመርመር እዚያው ድረስ መንኮራኩር መላክ ግድ የሆነውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1986 የአውሮፓው ጆቶ በሃሌ አጠገብ በ600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ሲያልፍ፣ አቧራው በሰከንድ 68 ኪሎ ሜትር እየተምዘገዘገ ወርዶበታል። መንኮራኩሩ ተናወጠ፤ ካሜራውም ከጥቅም ውጭ ሆነ። ያም ሆኖ እሱና በዚያው ወር ያለፉት የሶቪየት ቬጋዎች ከድንጋያማው ብናኝ መካከል በካርቦን፣ በሃይድሮጅን፣ በኦክስጅንና በናይትሮጅን የበለጸጉ ቅንጣቶችን ለይተዋል።

አቧራውን ይዞ መመለስ ግን ሌላ ብልሃት ይጠይቅ ነበር። የአሜሪካው ስታርደስት እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2004 ቪልድ 2 የተባለውን ጅራታም ኮከብ ሲያልፍ የዘረጋው ወጥመድ ኤሮጄል ይባላል፤ ከሲሊካ የተሠራ፣ ከመቶ 99.8 እጁ ባዶ የሆነ ጠጣር ነው። በሰከንድ 6.1 ኪሎ ሜትር የገባ ቅንጣት አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ ቦይ ቆፍሮ መጨረሻው ላይ ይቀራል። ተመራማሪዎች ቦዩን በቀጭን መርፌ ከነዙሪያው ቆርጠው ያወጡታል። ዘዴው እንከን የለሽ አይደለም፤ ደቃቁ ብናኝ ከኤሮጄሉ ጋር ቀልጦ ተዋህዷል።

ናሙናው በ2006 ዩታ በረሃ ላይ ሲያርፍ የተጠበቀው ቅዝቃዜ ያቆየው ጥንታዊ ብናኝ ነበር። በውስጡ ግን በካልሲየምና በአሉሚኒየም የበለጸገ፣ እሳት የፈጠረው ማዕድን ተገኘ። ለሚን ዛሬ ያስጠራት የሲሚንቶ ፋብሪካም የኖራ ድንጋይና ሸክላ የሚያነደው በዚያው የሙቀት እርከን፣ በ1,450 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ማዕድን የሚወለደው ፀሐይ አጠገብ ነው፤ ከበረዶው ጋር የታሸገው ደግሞ ሩቅ ዳር ላይ። ስለዚህ ፀሐይ ስትወለድ ቁሱ ከመሃል ወደ ዳር ተጉዟል ማለት ነው። ለእኔ ከመስኩ ግኝቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ከዚሁ ናሙና ተገኝቶ በ2009 ይፋ የሆነው ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ እንኳ ሁለተኛ ይመጣል።

ሮዜታ የተባለችው መንኮራኩር በበኩሏ ከ2014 እስከ 2016 ድረስ 67ፒ የተባለውን ጅራታም ኮከብ አጅባ ተጉዛለች። አቧራው ቀስ ብሎ ስለሚደርስባት ኮሲማ የተባለው መሣሪያዋ ከ30 ሺህ በላይ ቅንጣቶችን በብረት ሰሌዳ ላይ ለቅሟል። ከክብደታቸው ግማሽ የሚጠጋው ካርቦናማ ቁስ ነው።

በረዶውን ከነቅዝቃዜው ይዞ የተመለሰ እስካሁን የለም። የቪልድ 2 አቧራ ግን ሂዩስተን ተቀምጦ ለየአገሩ ተመራማሪዎች በውሰት ይሰጣል። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ቴሌስኮፖችን የተከለች አገር ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጋት ሮኬት ሳይሆን ጥሩ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ እጅ ነው።