የኃይሌ ፊልም ወርቁ ላይ ያበቃል፣ የአበበ ፊልም ከወርቁ በኋላ ይጀምራል

የእኛ አገር የኳስ አፍቃሪ ቅዳሜና እሁድ ከፕሪሚየር ሊጉ አይነቀልም። ብሔራዊ ቡድኖች ሊጉን ሲያቋርጡት ግን ምን እንደሚያይ ግራ ይገባዋል። ለእንዲህ ያለው ሰሞን ሁለት ፊልሞች አሉኝ። አንደኛው የኃይሌ ገብረሥላሴን ሕይወት የሚተርከው «ኢንዱራንስ» ሲሆን፣ ሌላው ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራው «አትሌቱ» ነው። ሁለቱም መከራን ስለመጋፈጥ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱን ያየ ግን ሌላውንም አየሁ ማለት አይችልም። እኔ አንደኛውን አስበልጣለሁ። የትኛውን እንደሆነ ወደ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

«ኢንዱራንስ» እ.ኤ.አ. በ1999 ለአሜሪካ ተመልካች የቀረበ የዋልት ዲዝኒ ፊልም ነው። ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ሌስሊ ውድሄድ ሲሆን፣ የአትላንታውን ውድድር የቀረጸው ደግሞ በኦሊምፒክ ፊልሞቹ ስሙን የተከለው ባድ ግሪንስፓን ነው። ፊልሙን ለየት የሚያደርገው ተዋናዮቹ ናቸው። ኃይሌን ሆኖ የሚጫወተው ራሱ ኃይሌ ነው። ሕፃኑን ኃይሌ የሚጫወተው የሥጋ ዘመዱ ዮናስ ዘርጋው ነው። እናቱን ሆና የምትተውነው ደግሞ የገዛ እህቱ ሸዋነሽ ናት። እናታቸው ኃይሌ ገና ልጅ ሳለ ያረፉ በመሆናቸው፣ ልጅ እናቷን ሆና ስትታይ ፊልም እያያችሁ መሆኑን ትረሳላችሁ።

የተቀረው ታሪክ የሁላችንም ነው። ኃይሌ ከአሰላ ገበሬ ቤት ከአሥር ልጆች አንዱ ሆኖ ተወለደ። ትምህርት ቤቱ አሥር ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ እሱም እየሮጠ ይመላለሳል። ደብተሩን በግራ እጁ እንደያዘ መሮጥ ስለለመደ፣ የዓለም ሪከርድ ሲሰብር እንኳ ያ እጁ እንደታጠፈ ነበር። በ1980 ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትርን ጠቅልሎ ሲወስድ በሬዲዮ የሰማው የሰባት ዓመቱ ልጅ ልቡ ተሰረቀ። አባትየው ግን በሩጫው ነገር አልተዋጠላቸውም።

ከዚያ አትላንታ ይመጣል። ሐምሌ 1996፣ 10 ሺህ ሜትር፣ ኃይሌና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት። 27 ደቂቃ ከ07.34 ሰከንድ ለኃይሌ፣ 27 ደቂቃ ከ08.17 ሰከንድ ለቴርጋት። ከአንድ ሰከንድ በታች! ውጤቱን ብታውቁትም ከወንበራችሁ መነሳታችሁ አይቀርም።

ፊልሙ ግን ሁለት ነገር ጎድሎታል። አንደኛ፣ የዲዝኒ እጅ ስላለበት ድህነቱ እንኳ እንደ ፖስት ካርድ ያምራል። ሁለተኛ፣ ቶሎ ተሠርቷል። አትላንታ የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር፤ የመልሱ ጨዋታ በ2000 ሲድኒ ላይ ተካሄደ። በጉዳት ሲታመስ የከረመው ኃይሌ ያንኑ ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀደመው። ጨዋታውን በዕረፍት ሰዓት ጥሎ እንደሄደ ተመልካች፣ ፊልሙ ይህ አምልጦታል።

«አትሌቱ» በ2009 ወጣ። ዴቪ ፍራንክልና ራሰላስ ላቀው አብረው ያዘጋጁት ሲሆን፣ አበበን ሆኖ የሚጫወተው ራሰላስ ነው። በመሀል የሮምና የቶኪዮ እውነተኛ ምስሎች ስለሚገቡ፣ እውነተኛው አበበና ተዋናዩ እየተፈራረቁ ይታያሉ።

አበበ በሮም 1960 በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ ማራቶንን እንዳሸነፈ፣ በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ባደረገ በስድስት ሳምንት ገደማ ቶኪዮ ላይ እንደደገመው ሁሉም ያውቃል። (ዋሚ ቢራቱ ኳስ ሲጫወት ስለተጎዳ ነው አበበ ሮም የሄደው የሚባለውን ወሬ ኳስ ወዳዱ ይወደዋል፤ የማይቀበሉትም ግን አሉ።) ፊልሙ ዋናው ጉዳዩ ይሄ አይደለም። ጉዳዩ መጋቢት 1969 ላይ ነው። አበበ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታክሞ እጆቹ ተመለሱ፤ እግሮቹ ግን ቀሩ።

እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ቀስ ይላል። ዜሮ ለዜሮ ጨዋታ የሚያቁነጠንጠው ሰው መጀመሪያ ላይ ሊሰለች ይችላል። እኔ ግን የማስበልጠው ይሄን ነው። ኃይሌ ላይ የደረሰው ችግር ሁሉ ወደ ወርቁ የሚወስድ መንገድ ነው፤ መጨረሻው ደስታ መሆኑን እያወቅን ነው የምናየው። አበበ ግን ወርቁን ሁለቴ ወስዶ ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ የመጣበትን ሜዳሊያ አይክሰውም። የብራዚሉ ሮናልዶ ጉልበቱ ተበላሽቶ ሲያበቃ በ2002 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሁለት ጎል አግብቶ አሳይቶናል። አበበ የሚመለስበት አስፋልት አልነበረውም።

ምን አደረገ? ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በ1971 ደግሞ በረዶ ለብሶ በሚከርመው ኖርዌይ፣ ውሾች በሚጎትቱት ስሌጅ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ በኖርዌይ በረዶ ላይ! ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ41 ዓመቱ አረፈ።

«አትሌቱ» በ2010 ኢትዮጵያን ወክሎ ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ቢላክም እጩዎቹ ውስጥ አልገባም። ዲዝኒ ከጀርባው ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ሁለቱን በአንድ ቀን የምታዩ ከሆነ ከኃይሌ ጀምሩ፤ በአበበ ከጀመራችሁ የኃይሌው ይቀልባችኋል። ቀጥሎ ማየት የምፈልገው ፊልም ደግሞ የማሞ ወልዴን ነው። በ1968 ሜክሲኮ ላይ አበበ በጉዳት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ ማራቶኑን ተረክቦ ያሸነፈ ሰው ነው። በኋላ ወደ ዘጠኝ ዓመት እስር ቤት ቆይቶ በ2002 ተፈታ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት አረፈ።