የዘር ድንች ብርሃን ይይ፤ የምግብ ድንች ጨለማ ይግባ

በላስታ ደጋ ድንቹን ቆፍሮ ያወጣ ገበሬ ሁሉንም በጨለማ ቢያከማች ለዘር ያሰበው ነጭና ቀጭን ጎንቁል አውጥቶ ይጠወልጋል። ሁሉንም ደጅ ቢያሰጣ ደግሞ ለምግብ ያሰበው አረንጓዴ ሆኖ ይመራል። የሁለቱም ጉዳት መነሻ አንድ ነው፤ ይኸውም ድንች ብርሃንን ከጨለማ መለየቱ ነው።

ሕያዋን ከፀሐይ ጨረር በይበልጥ የሚገለገሉት እኛ በዓይናችን በምናየው፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር በሆነው ክፍል ነው። ምክንያቱም ሦስት ነው።

1ኛ/ ከፀሐይ ከሚደርሰን ኃይል ወደ ግማሽ የሚጠጋው በዚህ ጠባብ ክፍል ይገኛል።

2ኛ/ አየርንና ውሃን ዘልቆ ያልፋል። የጥንቶቹ ሕያዋን በውሃ ውስጥ ይኖሩ ስለ ነበር በደኅና የደረሳቸው ይኸው ብርሃን ነው።

3ኛ/ ጉልበቱ መጠነኛ ነው። አልትራቫዮሌት የሕዋስን አካል ይጎዳል፤ ኢንፍራሬድ በአብዛኛው ከማሞቅ አያልፍም። የሚታየው ብርሃን ግን ክሎሮፊል የተባለውን የቅጠል ቀለም ቀስቅሶ ምግብ ያሠራል።

ስለዚህ ተክል ብርሃን ያለበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅ የሕልውናው ጉዳይ ነው። በጨለማ ያለ ጎንቁል ገና ከአፈር በታች እንዳለ ሁሉ ወደ ላይ እየተሳበ ስንቁን ይጨርሳል። ብርሃን ያገኘው ግን አጭር፣ ወፍራምና ብርቱ ይሆናል።

ብትን ብርሃን የሚያስገባ የዘር ድንች ማከማቻ በዚሁ ባሕርይ ላይ የተመሠረተ ነው። በፔሩ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል በብዙ አገሮች አስፋፍቶታል፤ በአገራችንም የሆለታ ምርምር ማዕከል ሲያስተዋውቀው ቆይቷል። ሲሠራ የሚከተሉትን ማስተዋል ይገባል።

ሀ/ ግድግዳው ብርሃንና ነፋስ በሚያስገባ የእንጨት ርብራብ ይሠራ።

ለ/ ድንቹ በቆጥ ላይ ከ2 ወይም ከ3 ድርብ ሳይበልጥ ይዘርጋ።

ሐ/ ቀጥተኛ ፀሐይ አይንካው። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ስለዚህ የጣራው ክፈፍ ረዘም ይበል።

የምግብ ድንች ግን ጨለማ፣ ቀዝቃዛና ነፋስ በሚያገኝ ስፍራ ይቀመጥ። አረንጓዴው ቀለም ራሱ መርዝ ባይሆንም ሶላኒን የተባለ መርዝ አብሮት መብዛቱን ያመለክታል፤ መርዙም ተቀቅሎ አይጠፋም። በመሆኑም አረንጓዴ የሆነ ድንች ለዘር እንጂ ለማዕድ አይቅረብ።

በላስታ እንጨት ውድ ነው። ለየቤቱ ማከማቻ መሥራት ካልተቻለ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አንድ የጋራ ማከማቻ ሠርቶ የአባላቱን ዘር በየቆጡ ለይቶ ሊያኖር ይችላል። የልማት ሠራተኛውም ሥራው ከቁፋሮ በፊት እንዲያልቅ ያሳስብ።