ትንሿ ባቡርና ብልሽት የመፈለግ ዘዴ

በገጠር «ባቡር» ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው የእህል ወፍጮውን ነው። እዚህ የምንነጋገረው ግን ስለ ምድር ባቡር ነው፤ ያውም በጠረጴዛ ላይ ስለምትሄደው፣ ሰው በእጁ አንሥቶ ስለሚያስቀምጣት ትንሽ ባቡር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ብዙ ጎልማሶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ትናንሽ ባቡሮች ይሠራሉ። ሐዲድ ይዘረጋሉ፤ ድልድይ ይገነባሉ፤ ተራራና ጣቢያ ያበጃሉ። «ይህ የልጅ ጨዋታ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድመን የነገሩን አሠራር እንይ።

ልክ

በ1891 ሜርክሊን የሚባል የጀርመን መጫወቻ ፋብሪካ በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ላይ ከነሐዲዷ የምትሸጥ ትንሽ ባቡር አቀረበ። አዲሱ ነገር ባቡሯ ብቻ አልነበረችም። ዋናው ነገር የሐዲዱ ስፋት በልክ መወሰኑ ነው። ልኩ ስለ ተወሰነ፣ ገዢው ዘንድሮ ትንሽ ሐዲድ ገዝቶ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መቀጠል ቻለ። ፉርጎውም ከሐዲዱ ጋር ይገጥማል።

ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት አንድ ልክ አለ። በዚህ ልክ እያንዳንዱ ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። ለምሳሌ 20 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው።

በእውነተኛውም ባቡር ልክ ትልቅ ነገር ነው። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ደግሞ ስፋቱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የአሮጌው መስመር ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። መንኰራኩሩ ከሐዲዱ ጋር አይገጥምማ!

አሠራር

ሠሪው መጀመሪያ ጠንካራ ጠረጴዛ ያዘጋጃል። ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝና እንዳያዘነብል በውሃ ልክ ይመረመራል። ከዚያ በላዩ ኮምፔንሳቶ ይነጠፋል። ሐዲዱ የሚያልፍበት መንገድ በእርሳስ ይሠመራል። ሐዲዱ የሚመታው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለት ነገሮች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንደኛው ኩርባ ነው። ኩርባው በጣም ከጠበበ ረጅም ፉርጎ ይወጣል። ሁለተኛው ዳገት ነው። ሐዲዱ በ1 ሜትር ርቀት 2 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ ባቡሯ ትችለዋለች። ዳገቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን መንኰራኩሯ በቦታው ይሽከረከራል፤ ጭነቱንም መጎተት ያቅታታል። ዳገት ላይ በሬ እንደሚደክም ሁሉ ባቡርም ይደክማል።

ኮረንቲ

ትንሿ ባቡር በሆዷ ሞተር አለ። ሞተሩ የሚዞረው በኮረንቲ ነው። ኮረንቲው የሚመጣው በሐዲዱ ነው። በአንደኛው ሐዲድ ይገባል፤ በመንኰራኩሩ በኩል ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ በሌላኛው ሐዲድ ይመለሳል። መሄጃና መመለሻ ከሌለው ኮረንቲ አይሠራም። የእጅ ባትሪም እንዲሁ ነው። ከድንጋዩ አንድ ጫፍ ተነሥቶ በአምፖሉ አልፎ ወደ ሌላው ጫፍ ካልተመለሰ አይበራም።

ኮረንቲው ሲጨምር ባቡሯ ትፈጥናለች። ሲቀንስ ትዘገያለች። የሁለቱ ሐዲዶች ኮረንቲ ሲለዋወጥ ወደ ኋላ ትሄዳለች። በብዙዎቹ ትናንሽ ባቡሮች ኃይሉ ከ12 ቮልት ብዙ አይበልጥም። በቤት ግድግዳ ያለው ኮረንቲ ግን 220 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በመካከል ኃይሉን የሚቀንስ ሣጥን ይቀመጣል። የግድግዳውን ኮረንቲ በቀጥታ ከሐዲድ ጋር ማገናኘት ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሁለቱ ሐዲዶች በብረት ወይም በሽቦ ከተነካኩ ኮረንቲው በሞተሩ ማለፉን ትቶ በአቋራጭ ይመለሳል። ሰው «ኮንታክት ፈጠረ» የሚለው ይህንን ነው። ሽቦው ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ሐዲዱ ዞሮ ወደ መጣበት አቅጣጫ ተመልሶ ከራሱ ጋር ሲገናኝም ይኸው ችግር ይመጣል፤ ምክንያቱም ቀኙ ሐዲድ ዞሮ ከግራው ጋር ይጋጠማል። መፍትሔው የዞረውን ክፍል ኮረንቲ በማያሳልፍ ክፍተት ለይቶ፣ የዚያን ክፍል ኮረንቲ ለብቻው መለዋወጥ ነው።

ብልሽት

ባቡሯ ቆመች እንበል። ምን ይደረግ? ችኩል ሰው ወዲያው ሞተሯን ይፈታል። ያልተበላሸውን ሲፈታታ ያበላሸዋል። አዋቂው ግን ከመፍታቱ በፊት ይጠይቃል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ።

አንደኛ፣ ኃይል ከሣጥኑ ይወጣል ወይ? ትንሽ አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር አያይዞ የሣጥኑን መውጫ መንካት ነው። ከበራ ሣጥኑ ደህና ነው።

ሁለተኛ፣ ኃይሉ ሐዲዱ ድረስ ይደርሳል ወይ? በዚያው አምፖል ሁለቱን ሐዲዶች መንካት ነው። ሐዲዱ ረጅም ከሆነ ከመሐሉ መጀመር ይሻላል። መሐሉ ላይ ከበራ ብልሽቱ ከመሐል ወዲያ ነው። ካልበራ ከመሐል ወዲህ ነው። በአንድ ፈተና ግማሹን ድካም ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ሐዲዱና መንኰራኩሩ ንጹሕ ናቸው ወይ? አብዛኛውን ጊዜ ባቡሯን የሚያቆማት ቆሻሻ ነው። አቧራና ዘይት ኮረንቲ ያግዳሉ። ንጹሕ ጨርቅ በአልኮል ነክሮ መወልወል ይበቃል። አልኮሉ በእሳት ስለሚያያዝ በሚወለወልበት ጊዜ ኮረንቲው ይጠፋል፤ እስኪደርቅም ይጠበቃል። ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ግን ሐዲዱን ይጭረዋል። በተጫረው ውስጥ ደግሞ ቆሻሻ ቶሎ ይሰበሰባል።

ባቡሯ ከሐዲድ የምትወጣ ከሆነስ? እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ሕግ አለ። አንድ ፉርጎ በየቦታው የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ የፉርጎው ነው። ፉርጎዎቹ ሁሉ በአንድ ቦታ የሚወጡ ከሆነ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መመልከት፣ መቁጠርና መጻፍ ያስፈልጋል። የትኛው ፉርጎ? የት ቦታ? ስንት ጊዜ? ጽፎ የያዘ ሰው አይሳሳትም፤ ከሌላ ሰውም ጋር አይጨቃጨቅም።

ሌላም ሕግ አለ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሦስት ነገር አንድ ላይ ለውጦ ባቡሯ ብትሄድ፣ የትኛው እንዳዳናት አይታወቅም። ነገ ደግማ ስትቆም ሰውየው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

በ1853 የሩሲያ መርከበኞች በጃፓን ናጋሳኪ ወደብ በእንፋሎት የምትሄድ ትንሽ ባቡር አሳዩ። በ1854 ደግሞ አሜሪካውያን የእውነተኛውን ሩብ የምታህል ባቡር በስጦታ አመጡ። ፉርጎዋ ሰው ስለማታስገባ አንድ የጃፓን ሹም ጣራዋ ላይ ተቀምጦ ዞረባት። ጃፓኖቹ አይተው ተደንቀው ብቻ አልቀሩም። ሳጋ በሚባለው ግዛት ታናካ ሂሳሺጌ የሚባል ብልህ ሠራተኛ ከጓደኞቹ ጋር በ1855 በእንፋሎት የምትሄድ ትንሽ ባቡር ሠራ። በ1872 ጃፓን ከቶክዮ እስከ ዮኮሃማ የመጀመሪያውን እውነተኛ መስመር ከፈተች። በዚያን ጊዜ መሐንዲሶቹም ባቡሮቹም ከእንግሊዝ የመጡ ነበሩ። ቢሆንም አስቀድሞ በትንሹ ሠርቶ ያየ ሰው ትልቁ ሲመጣ አይደነግጥም። ታናካ በ1875 ቶክዮ ውስጥ የከፈተው የሥራ ቤት፣ ኋላ ቶሺባ ከተባለው ትልቅ ድርጅት ሥሮች አንዱ ሆነ።

አሜሪካ ውስጥም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች በ1946 የትንሽ ባቡር ማኅበር አቋቁመው ነበር። ባቡሮቹን ለመቆጣጠር የስልክ ማገናኛ ዕቃዎችን ይጠቀሙ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ኮምፒዩተርን በማዘዝ ሥራ ከቀደሙት ሰዎች መካከል ሆኑ። ኮረንቲ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በሐዲዱ ላይ ለምደውት ነበርና።

እንግዲህ ትንሿ ባቡር መጫወቻ ናት፤ ትምህርት ቤትም ናት። በትንሽ ነገር ላይ መሳሳት ብዙ አያስከፍልም። በትልቁ መሳሳት ግን ሀብትና ሕይወት ያጠፋል።

ባቡሯን ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ዘዴዋን ለመውሰድ ግን አያስፈልግም። ማረሻው አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚዘል ከሆነ እዚያ ድንጋይ አለ። በየትም ቦታ የሚዘል ከሆነ ሞፈሩና ማረሻው ይታይ። አንድ ወንዝ የጠጡት ከብቶች ሁሉ ከታመሙ ውሃው ይጠርጠር፤ ለእንስሳት ሐኪምም ይነገር። የእጅ ባትሪ አልበራ ሲል ድንጋዩን፣ አምፖሉን፣ መነካኪያውን በየተራ መመርመር ነው። ወፍጮ ሲቆም ሠራተኛው መቼና ምን ሲሆን እንደ ቆመ ጽፎ ቢይዝ፣ ከከተማ የሚመጣው መካኒክ ቶሎ ያገኘዋል። የወፍጮው ቀን ሲቆጠብ የገበሬው ቀን ይቆጠባል። ማንበብና መጻፍ ለዚህ ለዚህ ነው።

ጥያቄዎች

1. የአሮጌው መስመር ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ ለምን አይሄድም?
2. ፉርጎዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቢወጡ ጥፋቱ የማን ነው?
3. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
4. በቤትዎ ወይም በእርሻዎ የተበላሸ አንድ ነገር ያስቡ። በየትኛው ተራ እንደሚመረምሩት በደብተርዎ ይጻፉ።