የቆመውን ዞረ የሚል ቆጣሪ

ባለ ኳስ ማውስ የተጠቀመ ሰው፣ ቀስቷ አልሄድም ስትል ኳሷን አውጥቶ ሮለሮቹ ላይ የተጋገረውን ጥቁር እድፍ በጥፍሩ መፋቁን አይረሳም። በማውሷ ሆድ ውስጥ፣ ከሮለሮቹ ጫፍ፣ ዙሪያቸውን እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቁ ሁለት ትንንሽ ዲስኮች ነበሩ። በዲስኩ በአንድ ወገን ኤልኢዲ ያበራል፤ በሌላው ወገን ብርሃኑን የሚያይ ሴንሰር ተቀምጧል። ዲስኩ ሲዞር ብርሃኑ ይቆራረጣል፣ ያ ይቆጠራል። ኦፕቲካል ኢንኮደር የሚባለው ይኸው ነው፤ ዛሬም ፕሪንተር ውስጥ፣ ሲኤንሲ ማሽንና የፋብሪካ ሞተር ላይ ይሠራል። አሠራሩ እንዲህ ቀላል ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ስለ እሱ የሚወራው ስህተት ብዙ ነው።

ተረት፦ መስመሩ የበዛ ዲስክ ይበልጥ በትክክል ይለካል።

እውነታ፦ ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ያለ ጥቅም ገንዘብ ያስወጣል። የመስመሩ ብዛት ዙሩ ስንት ቦታ እንደተቆረሰ ይናገራል እንጂ ቁራሾቹ እኩል ስለመሆናቸው አይመሰክርም። ድፎ ዳቦንም 40 ቦታ መቁረስ ይቻላል፤ ቢላዋው መሃሉን ከሳተ ግን የአንዱ ድርሻ ከሌላው ይበልጣል።

ባለ 2500 መስመር ዲስክ እንውሰድ። እያንዳንዱ መስመር አራት ጊዜ ይቆጠራል (ምክንያቱን ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ)፤ ስለዚህ አንድ ዙር 10,000 ቆጠራ፣ አንዱ ቆጠራም 0.036 ዲግሪ ይሆናል። መስመሮቹ ከመሃል 20 ሚሊሜትር ርቀው ይገኙ እንበል፤ ዲስኩ ሲገጠም ደግሞ ከዘንጉ መሃል 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ይሽሽ። ይህ የፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ስህተቱ ግን 0.14 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ አራት ቆጠራ ማለት ነው። በግማሹ ዙር ቁጥሩን ያስቀድማል፣ በቀረው ግማሽ ያዘገያል። መስመሮቹን እጥፍ ብናደርጋቸውስ? ስህተቱ ያው 0.14 ዲግሪ ነው፤ ልዩነቱ ስምንት ቆጠራ ሆኖ መታየቱ ብቻ። መድኃኒቱ ዲስኩን አማክሎ መግጠም፣ ወይም ሁለት አንባቢዎችን ፊት ለፊት አስቀምጦ አማካዩን መውሰድ ነው፤ አንዱ ያስቀደመውን ሌላው ያዘገየዋልና ስህተቱ ይጣፋል።

ተረት፦ አንድ ሴንሰር ይበቃል።

እውነታ፦ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚዞር ማራገቢያ ይበቃ ይሆናል። ተማሪዎች ለሮቦት መኪና የሚገጥሟት ባለ 20 ቀዳዳ ዲስክም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሴንሰር ጋር ትመጣለች። ችግሩ መኪናዋ ስትቆም ይጀምራል። የቀዳዳው ጠርዝ ልክ ብርሃኑ ላይ ካረፈ፣ ትንሽ ንዝረት ወዲያና ወዲህ ስትነቀንቀው እያንዳንዷ ንቅናቄ እንደ አዲስ ርምጃ ትመዘገባለች። የቆመው ተጓዘ ይባላል።

ስለዚህ ኤ እና ቢ የተባሉ ሁለት ሴንሰሮች በሩብ ዑደት ተዛንፈው ይቀመጣሉ። ዲስኩ ሲዞር ምልክታቸው 00፣ 01፣ 11፣ 10 እያለ ይሄዳል፤ በአንድ መስመር አራት ለውጥ የምናገኘው ለዚህ ነው። ወደ ኋላ ሲዞር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ንዝረት ሲመጣ አንድ ይደመራል፣ አንድ ይቀነሳል፣ ሒሳቡ ባዶ ይሆናል። ከ00 ወደ 11 መዝለል ከታየ ደግሞ አንድ ያመለጠ ነገር አለ። ግን ልብ ይበሉ፦ ፕሮግራሙ የኤ ምልክት መነሳትን ብቻ ቆጥሮ መውደቁን ከዘለለው፣ ሁለት ሴንሰር እያለም የንዝረቱ ጣጣ ተመልሶ ይመጣል። ለጀማሪ በሚቀርቡ ምሳሌዎች ውስጥ ይህ ስህተት እንደ ልብ ነው።

ተረት፦ ብርሃን ወይ አለ ወይ የለም፤ ምልክቱ ንጹሕ ነው።

እውነታ፦ ጠርዙ ሲያልፍ ብርሃኑ ድርግም አይልም፤ እየደበዘዘ ነው የሚሄደው። መሃል ላይ ሲደርስ ትንሽ የኤሌክትሪክ ረብሻ ምልክቱን ደጋግሞ ያገለባብጠዋል። መፍትሔው ሁለት ደፍ ማበጀት ነው፦ «በራ» ለማለት ከፍ ያለ፣ «ጠፋ» ለማለት ዝቅ ያለ። ሽሚት ትሪገር የሚባለው ሰርኪዩት ሥራው ይህ ነው። የውጭ ብርሃንም አለ። ፀሐይ ሴንሰሩን ታጥለቀልቀዋለች፤ በ50 ኸርዝ የሚሠራ የድሮ ረጅም የፍሎረሰንት መብራት ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ባለ 20 ቀዳዳ ዲስክ ላይ ያ በደቂቃ 300 ዙር መስሎ ሊነበብ ይችላል! ጥቁር ክዳን ርካሹ መድኃኒት ነው።

ተረት፦ ፍጥነቱ ቢጨምርም ፕሮግራሙ ይደርስበታል።

እውነታ፦ ያው ባለ 2500 መስመር ዲስክ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 500,000 ለውጥ ያወጣል። በ16 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ አርዱይኖ (ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ)፣ ለአንዱ ለውጥ የሚደርሰው 32 ምት ብቻ ነው። በተለመደው አጻጻፍ ሥራውን አቋርጦ ገብቶ፣ ቆጥሮ ለመመለስ አይበቃውም። ቆጠራውን ለዚሁ ለተሠራ ሰርኪዩት ይስጡት።

ተረት፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንኮደሩ የቆመበትን ያውቃል።

እውነታ፦ ተራው ኢንኮደር አያውቅም፤ በዙር አንዴ የሚመጣውን የመነሻ ምልክት ፍለጋ መዞር አለበት። የሚያውቀው አብሶሉት የሚባለው ነው። እሱም በተለመደው ባይነሪ ቢጻፍ ከ3 ወደ 4 ሲሻገር፣ ማለትም ከ011 ወደ 100፣ ሦስቱም አኃዞች እኩል ስለማይቀየሩ ለቅጽበት የማይሆን ቁጥር ያነብ ነበር። በቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ግሬይ በ1947 ፓተንት የጠየቀበት ኮድ ግን በአንድ ርምጃ አንድ አኃዝ ብቻ ይቀይራል።

ወደ ማውሷ ልመለስ። ያኔ በጥፍር የምንፍቀው ሮለሩን ነበር እንጂ ዲስኩን አልነበረም። ብርሃኑም ሴንሰሩም ደህና ነበሩ፤ ኳሷ ሮለሩን አላዞረችውም። ኢንኮደር የሚያየው ዲስኩን ብቻ ነው፤ ዲስኩን ከዘንጉ ጋር ያያዘችው ብሎን ከላላች ሞተሩ ምን እንደሚሠራ በምን ያውቃል? ቁጥሩ ሲዛባብዎ ፕሮግራሙን ከመክፈትዎ በፊት መፍቻ ያንሱና እሷን ይሞክሯት።