በመረጃ ቅጽ ላይ የምርጫ ዝርዝር ማዘጋጀት የሪፖርት ልዩነትን ይቀንሳል

የሠራተኛ፣ የንብረትና የአገልግሎት መረጃን በኤክሴል ሠንጠረዥ መመዝገብ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለመደ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ ከየክፍሉ የተሰበሰበው መረጃ ሲጠቃለል ድምሩ ከዝርዝሩ ጋር የማይጣጣምበት ጊዜ አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ የስሌት ስህተት ሳይሆን የአጻጻፍ ልዩነት ነው።

ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ ቢኖራቸውም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ለአብነት አንዱ መዝጋቢ «ሐዋሳ»፣ ሌላው «ሀዋሳ»፣ ሦስተኛው «አዋሳ» ብለው ቢጽፉ አንባቢው አንድ ከተማ መሆኑን ይረዳል፤ ኤክሴል ግን ሦስት ከተሞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። «ሐዋሳ» በሚለው ብቻ የተቆጠረ ሪፖርት የሁለቱን መዝጋቢዎች ሥራ ይዘለዋል። ከቃሉ በኋላ ሳይታወቅ የገባ ባዶ ቦታም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላል። በዚህ መልክ የጎደለ ቁጥር የበጀት ድልድልንም ሆነ የቁሳቁስ ስርጭትን ሊያዛባ ስለሚችል ጉዳዩ እንደ ቀላል የፊደል ክርክር የሚታይ አይደለም።

መፍትሔው መዝጋቢው ከመጻፍ ይልቅ እንዲመርጥ ማድረግ ነው። የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞችን የሚመዘግብ ቅጽ እንውሰድ። በቅድሚያ የክፍለ ከተሞቹ ስም በአንድ የተወሰነ አጻጻፍ በሌላ ገጽ ላይ ከላይ ወደ ታች ይጻፋል። ከዚያም በቅጹ ላይ የሚሞሉት ሕዋሶች ተመርጠው «ዳታ» ከሚለው ክፍል «ዳታ ቫሊዴሽን» ይከፈታል። «አላው» በሚለው ሥር «ሊስት» ተመርጦ፣ «ሶርስ» በሚለው ቦታ ስሞቹ የሰፈሩበት ዓምድ ይመለከታል። ከዚህ በኋላ ሕዋሱ ሲነካ ትንሽ ቀስት ትታያለች፤ መዳፊት መጠቀም የማይፈልግ ባለሙያ «አልት»ን ከታች ቀስት ጋር በመጫን ዝርዝሩን መክፈት ይችላል።

አጭር ዝርዝር ከሆነ ቃላቱን በቀጥታ «ሶርስ» ላይ መጻፍ ይቻላል። ሆኖም መለያው የእንግሊዝኛው ኮማ እንጂ የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ አይደለም። በእኛ ሰረዝ የተለያዩ ስሞች እንደ አንድ ረጅም ቃል ይወሰዳሉ። ጽሑፉም ከ255 ፊደላት መብለጥ የለበትም።

ስሞቹን በገጽ ላይ ማስፈር የሚመረጠው ዝርዝር ስለሚለወጥ ጭምር ነው። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ሲጨመር የክፍለ ከተሞቹ ቁጥር ከ10 ወደ 11 ከፍ ማለቱ ይታወሳል። ስሞቹ በኤክሴል «ቴብል» መልክ ከተዘጋጁ አዲሱ ስም ከሥር ሲጻፍ ምርጫው ራሱ ይሰፋል፤ ካልሆነ ግን እያንዳንዱን ቅጽ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ዩኒኮድ ባልሆኑ የቀድሞ የግዕዝ ፊደላት የተጻፈ ዝርዝር ሌላ እንቅፋት አለው። በሕዋሱ ውስጥ በትክክል የሚነበበው ስም ቀስቱ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። ምርጫው የሚታየው በኮምፒዩተሩ የራሱ ፊደል በመሆኑ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ግድ ይላል።

ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ጽሑፍ ሲገባ ኤክሴል የሚሰጠው ምላሽ «ኤረር አለርት» በሚለው ሥር ይወሰናል። «ስቶፕ» ይከለክላል፤ «ዋርኒንግ» አስጠንቅቆ ውሳኔውን ለመዝጋቢው ይተዋል። ለሪፖርት ቅጽ የመጀመሪያው ይሻላል። «ሌላ» የሚል ምርጫ ማከሉ አመቺ ቢመስልም፣ የተቸኮለ መዝጋቢ ሁሉንም ወደዚያ እንዳይጥለው ማብራሪያ የሚጻፍበት ዓምድ ከጎኑ ማኖር ይገባል።

ቁጥጥሩ ግን ሙሉ አይደለም። ከሌላ ፋይል ተቀድቶ የሚለጠፍ መረጃ ሳይጣራ ያልፋል፤ አንዳንዴም በሕዋሱ ላይ የነበረውን ገደብ ጭምር ያጠፋል። ገደቡ ከመደረጉ በፊት የተሞላው መረጃም እንዳለ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ገደቡን በመላው ዓምድ ላይ እንደገና አድርጎ፣ ከዚያው ከ«ዳታ ቫሊዴሽን» ሥር «ሰርክል ኢንቫሊድ ዳታ» የሚለውን መጫን ከዝርዝሩ ውጪ የሆኑትን በቀይ ክብ ለይቶ ያሳያል። ይህም ሪፖርቱ ወደ በላይ አካል ከመተላለፉ በፊት ሊከናወን ይገባል።