አንዱ ሲጠቁር ሁሉም ለምን ይጨልማል?

ቤታችሁ ውስጥ ድንገት የጠፋ የኤልኢዲ አምፖል ካለ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍታችሁ አምፖሉን ፍቱት፤ ነጩን ክዳን አንስታችሁም ውስጡን ሳትነኩ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከቢጫዎቹ ነጠብጣቦች የአንዱ መሃል ጠቁሮ ይገኛል። የተቃጠለው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ደህና ሆነው ሳለ ለምን አይበሩም?

ነጠብጣቡ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ነው። ነጭ ብርሃን የሚሰጥ አንድ ዳዮድ የሚበቃው 3 ቮልት ገደማ ሲሆን፣ ወደ ቤታችን የሚገባው ግን 220 ቮልት ነው። ስለዚህ ዳዮዶቹ ተከታትለው ይያያዛሉ። ያን ጊዜ ቮልቴጃቸው ይደመራል፤ 10 ዳዮድ 30 ቮልት፣ 30 ዳዮድ 90 ቮልት ይወስዳል። ከረንቱ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው አንድ ነው። መንገዱ አንድ ብቻ ስለሆነ አንዱ ጋ ከተቋረጠ ለማንም አይደርስም።

ታዲያ ለምን ጎን ለጎን አይያያዙም? ነገሩ የሚጣፍጠኝ እዚህ ላይ ነው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ቮልቴጁ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፣ ከረንቱ ይከፋፈላል፤ እኩል ግን አይከፋፈልም። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ዳዮዶች እንኳ ፍጹም አንድ አይሆኑም። በትንሽ ቮልቴጅ የሚያሳልፈው ብዙውን ከረንት ይወስድና ይሞቃል። ዳዮድ ሲሞቅ ደግሞ የሚፈልገው ቮልቴጅ ይቀንሳል፤ በተለመደው የሲሊከን ዳዮድ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ 2 ሚሊቮልት ገደማ። ስለዚህ ይበልጥ ይወስዳል፣ ይበልጥ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ከዚያ ሸክሙ ወደ ቀሪው ይዞራል። ይህን የሚከላከለው ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን ሬዚስተር መስጠት ነው።

የሶላር ፓነል ሴልም ራሱ ሰፊ ዳዮድ ነው፤ ግማሽ ቮልት ገደማ ብቻ ስለሚሰጥ ብዙ ሴሎች ተከታትለው ይያያዛሉ። ለቡና ጥላ የሚሆን የዋንዛ ዛፍ አንዱን ሴል ቢጋርደው የመስመሩ ከረንት በሙሉ ይታነቃል። ከፓነሉ ጀርባ ባለው ሳጥን ውስጥ ዳዮዶች የሚገጠሙት ከረንቱ የተጋረደውን ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ ነው።

የጠቆረውን ነጠብጣብ በእርሳስ በይደው አምፖሉን መልሰው የሚያበሩ ሰዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ መዝለል ነው። ይሠራል፤ ግን የተዘለለው ይወስድ የነበረው ቮልቴጅ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ስለሚዞር፣ በተለይ በርካሽ አምፖል ላይ ዕድሜን ያሳጥራል። አንዱን መዝለል ይበቃል፤ ሁለተኛው ከጠቆረ አዲስ ግዙ። አምፖሉ ከተፈታ በኋላም በውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር እስከ 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሥራውን የማታውቁ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት።